ከጆንያው ሥር የቀረ ድርቆሽ

በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው የሆነው። ዓመታት አልፈዋል። ደረቅ እንጀራ በእጅ ሲሰበር ስሰማ ግን ዛሬም ሆዴን በክንዴ እሸፍናለሁ።

የምኖረው ኮኪት ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጆቼን ያሳደግሁት በድርቆሽ ነው። ሴቶች የጋገሩትን እንጀራ እቀበላለሁ፤ ሸራ ላይ በፀሐይ አደርቃለሁ፤ በጆንያ ሞልቼ ለሰሊጥ እርሻዎች አስረክባለሁ። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ በረሃ ላይ በወጥ አርሰው የሚበሉት እሱን ነው።

ያን ጊዜ በጣም ወፍሬ ነበር። ስኳር አለብኝ። የእግሬ ቁስል አልድን ብሎ አንድ ጣቴ ተቆርጧል፤ ዓይኔም መድከም ጀምሮ ነበር። ካርቱም የምትሠራው ትልቋ ልጄ፣ "እማ፣ ሁለቱ ገና ትንንሾች ናቸው። አንቺ ከሞትሽ ለማን ነው የምትተያቸው?" እያለች በስልክ አለቀሰችብኝ። አሠሪዋ ደግ ሴት ነበሩና ሐኪም አገናኙን። ከአጨዳው በፊት፣ በነሐሴ ድንበሩን ተሻግሬ ሄድሁ። ውፍረቴ እንዲቀንስ የጨጓራዬን አብዛኛውን ክፍል ቆርጠው አወጡት። የቀረው ከአንድ ሙዝ አይበልጥም አሉኝ።

ልጄ የሐኪሙን ትእዛዝ በአማርኛ ጻፈችልኝ። እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎ፣ የላመ ምስር፣ ጥቂት በጥቂት። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ስኳር አይነካም። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም። ሆድሽን ማንም እንዳይጫን። ይህችን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አስምራባታለች። ወረቀቱን ዳዊቴ ውስጥ አኖርሁት።

ለኮኪት ሰው ግን የሐሞት ጠጠር አስወጣሁ አልሁ። አፍሬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምሁ ሴት፣ ሆዴን በጾም መግዛት አቅቶኝ በቢላዋ አስቆረጥሁት ብዬ እንዴት ልናገር? ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኋቸውም።

ሰውነቴ ቶሎ ቀነሰ። ጎረቤቴ አለሚቱ፣ "አንቺ፣ ሆድሽን እዚያው ሱዳን ረስተሽው መጣሽ እንዴ? ሰው ሳይወስደው ሂጂና ጠይቂ" ትለኝ ነበር። ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የጽጌ ጾም ሲገባ እንደ ወትሮዬ ያዝሁ። የፈቃድ ጾም ነው፤ ብተወው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እኔ ግን በየዓመቱ እንደምጾም ሁሉም ስለሚያውቅ ይጠረጥሩኛል ብዬ ፈራሁ። እንቁላሉም ዓሣውም እርጎውም ቀሩ።

አምሮቱ የበረታብኝ ያን ጊዜ ነው። ረሃብ አልነበረም፤ ረሃብን አውቀዋለሁ። ሦስት ማንኪያ ምስር ስበላ ሆዴ ሞልቶ ያመኛል። አፌ ግን እንጀራ፣ እንጀራ ይላል። ቅዳሴ ቆሜ የማስበው የእንጀራ ዓይን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምውለው በድርቆሽ መካከል ነው። እመቤቴን ይህን አምሮት አንሺልኝ ብዬ ለመንኋት። አልተነሣልኝም።

አንድ ቀን ጆንያ ሳራግፍ ከሥሩ የቀረውን ፍርፋሪ ቆንጥሬ አፌ ውስጥ አደረግሁ። ፍርፋሪ እንጀራ አይባልም አልሁ ለራሴ። እንደ ደረቅ ቅጠል ይቀልላል፤ ምን ቦታ ይይዛል? በማግስቱ ቁንጥሩ እፍኝ ሆነ። ወረቀቱ እንጀራ ይላል እንጂ ድርቆሽ አይልም ብዬም አሰብሁ። ስንት ዓመት ድርቆሽ ሠርቼ፣ ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚያብጥ ለእኔ የሚነገር አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ረፋድ ላይ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሦስት እፍኝ በላሁ። ቆሜ፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ሌባ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። ከዚሩ፣ ማለትም ውሃ ከምናቀዘቅዝበት የሸክላ ጋን፣ አንድ ጣሳ ቀድቼ ጠጣሁ።

ብዙ አልቆየም። ከደረቴ ሥር አንድ ነገር እያበጠ መጣ። ላስመልስ ሞከርሁ፤ የወጣው ምራቅ ብቻ ነው። ላብ አጠመቀኝ፤ ልቤ ይዘል ጀመር። በጉልበቴ እየዳህሁ ከጓዳ ወጥቼ እንጀራው የተሰጣበት ሸራ ላይ ወደቅሁ።

አለሚቱ ጮኸች። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አንዷ ምች ነው አለች፤ አንዷ ዓይን ነው አለች። ወጌሻው አያ ዳምጤ ተጠሩ። እጃቸው የታወቀ ነው፤ ከእርሻ ተሰብሮ የመጣ ሠራተኛ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው።

"ሆድ ዕቃዋ ዞሯል" አሉ። "ዘይት አምጡ። አሽቼ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።"

እጃቸውን ዘይት ቀብተው አጠገቤ ተንበረከኩ። ትንሿ ልጄ ከበሩ ቆማ ታየኛለች። ሁለት ጊዜ የተሰመረባት መስመር ትዝ አለችኝ። የእጃቸውን አንጓ ያዝሁ።

"አይሆንም አያ ዳምጤ። ጨጓራዬ ተቆርጧል።"

"ሐሞት ነው አላልሽንም?" አለች አለሚቱ።

"ዋሽቼ ነው። ለውፍረቱ ነው ያስቆረጥሁት። አሁንም ተደብቄ ድርቆሽ በልቼ ነው።"

አያ ዳምጤ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ትቃዣለች። ጨጓራው ተቆርጦ የሚኖር ሰው የት አለ? እግሯን ያዙልኝ።"

ሁለት ሴቶች እግሬን ያዙ። ለደግ ብለው ነው። ለመጮህ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ያን ሰዓት አንድ ፒካፕ ከደጃፉ ቆሞ ነበር። የእርሻው መኪና ስለተበላሸ ጆንያዎቹን እንዲያደርስ የተላከ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ነው፤ ከዚያ በፊት አላውቀውም። በሰዎቹ መካከል ሰንጥቆ ገባ።

"አባቴ፣ አይንኳቸው" አለ። "አልቃዡም። ይህን ቀዶ ጥገና ሱዳን ይሠሩታል። ገዳሪፍ ያለው ደንበኛዬ ሚስቱ ተሠርታለች።"

"አንተ ደግሞ ሐኪም ነህ?" አሉት አያ ዳምጤ።

"አይደለሁም። መኪና ግን አለኝ።"

ሴቶቹ እግሬን ለቀቁ፤ እሱም የጫነውን ጆንያ ሳያራግፍ ሆስፒታል ሊያደርሰኝ ጋቢና አስገባኝ። አለሚቱ ከኋላ ጆንያው ላይ ወጣች። መንገድ ላይ ወደ ነጋዴው ዞር አልሁ። አፍሬ ነው የዋሸሁት አልሁት፣ ሳይጠይቀኝ።

"እኔ ስኳሬን ደብቄ ረመዳን ስጾም ገበያ መካከል ወድቄያለሁ፣ እናቴ" አለኝ። "አይናገሩ፤ ትንፋሽዎን ይያዙ።"

ሆስፒታል በአፍንጫዬ ቱቦ አስገብተው ያበጠውን ቀስ በቀስ አወጡልኝ፤ በደም ሥሬም ፈሳሽ ሰጡኝ። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ሲናገር ግን አላለዘበልኝም። "ቢያሹሽ ኖሮ ስፌቱ ሊቀደድ ይችል ነበር። ቢቀደድ እዚህ የምናደርግልሽ አልነበረም" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አለሚቱ ደውላላቸው የንስሐ አባቴ መጡ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

"ጽጌን ማን አዘዘሽ?" አሉኝ።

"ማንም፣ አባ።"

"ማንም ያላዘዘሽን ጾምሽ፤ ሐኪም ያዘዘሽን ሻርሽ። ነገ ትበያለሽ። ተደብቀሽ ሳይሆን ሰው እያየሽ።"

አለሚቱ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። "ሆድሽን ረስተሽ መጣሽ እያልሁ ስቀልድብሽ..." ብላ አልጨረሰችውም። "እውነትሽን ነበር" አልኋት። አልሳቀችም።

አምሮቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ይነሣልኛል ብዬም አልጠብቅም። ጆንያ የሚያራግፉት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ያን ጊዜ ከቤት እወጣለሁ። ልጆቼን ለማሳደግ ያበቃኝ እግዚአብሔር ይመስገን። የነጋዴው ስም ኢድሪስ ነው። በጸሎቴ ሳላነሣው የዋልሁበት ቀን የለም።

ያን ጊዜ በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሆስፒታል ወጥቼ በሚኒባስ ኮኪት ደረስሁ። አንድ እንቁላል ቀቀልሁ። ሴቶቹ እንጀራቸውን ይዘው ከደጄ ተሰብስበው ነበር፤ አያ ዳምጤም ሊጠይቁኝ መጥተው ከጥላው ተቀምጠዋል። በርጩማ አውጥቼ መካከላቸው ተቀመጥሁ። በጽጌ፣ ሁሉም እያዩኝ፣ እንቁላሉን ላጥሁት። አማተብሁና ግማሹን በላሁ።