ጫካው ይሸጣል

ቱልቱላ ብለው ስም ያወጡላት ጎረቤቶቿ ናቸው። እሷም አልተቀየመችም፤ የምትተዳደረው በዚያው በአፏ ነበርና። አሮጌ ፒካፕዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭና በየሰፈሩ እየዞረች ውሃ የሚቋረጥበትን፣ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን፣ የማን ላም እንደጠፋች ትለፍፋለች።

አንድ ሰሞን የደን ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ሕዝቡ የጫካን ጥቅም እንዲያውቅ አንብቢ ብሎ ጽሑፍ ሰጣት። «ደን ለዘላቂ ልማት ያለው ፋይዳ ዘርፈ ብዙ ነው» እያለች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ዞረች። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ መስኮቷን ዘጋችባት።

«ውሻ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም» አለች ማታ ለባሏ።

ባሏ አናጢ ነው። ከእንጨቱ ላይ ቀና ሳይል፣ «መልካም ወሬ ማን ይሰማል? ክፉ ቢሆን ኖሮ ጫማውን ሳያጠልቅ ይወጣልሽ ነበር» አላት። ቀና ሲል ፈገግ ብላለች። ያንን ፈገግታዋን ያውቀዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ምንም አላልኩም።»

«ምንም አላልክም» አለችው።

በማግስቱ ከተማው በእሷ ድምፅ ነቃ። «ከከተማው በላይ ያለው ጫካ ከነምንጩ፣ ከነወፉ፣ ከነጥላው ይሸጣል። ቅር ያለው ደን ጽሕፈት ቤት ይቅረብ።»

መስኮቱ ሁሉ ተበረገደ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መኪናውን በእግሯ ተከተለች። ረፋዱ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ግቢ መርፌ መጣያ አልነበረውም።

ቱልቱላ ፒካፑ ላይ ቆማ የዋህ መስላ ጠየቀች። «ምን አገባችሁ? እንጨት አይደል?»

ማይኩን ተቀባበሉት። ልብስ አጣቢዋ፣ ምንጩ ከደረቀ በምን ላጥብላችሁ ነው አለች። ከዳገቱ ሥር የሚኖረው ጫማ ሰፊ፣ የጫካውን ጥግ የመነጠሩ ጊዜ ጎርፍ አልጋውን ከነሚስቱ ደጅ እንዳደረሰበት ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ ተራዋ ሲደርስ፣ «እኔ ባሌን ያገኘሁት እዚያ ዛፍ ሥር ነው» አለች።

«እንግዲያው ይሸጥ» አለ የልብስ ሰፊዋ ባል ከኋላ። ግቢው በሳቅ አውካካ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ «ምን ጉድ ነው?» ቢል የሚሰማው አላገኘም።

በዚህ መሀል ጫካው ውስጥ ቀፎ የሰቀሉ ንብ አናቢ ሽማግሌ እያለከለኩ ገቡ። ባርኔጣቸውን ጨብጠው መኪናውን ተደገፉ። «ልጄ፣ ቀፎዎቼን እስካነሳ ይታገሱኝ በይልኝ። ሌላ የማኖርበት ቦታ የለኝም።»

የቱልቱላ ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ዘላ ወርዳ ክንዳቸውን ያዘች። «አባባ፣ ማንም አልሸጠውም። እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ማይኩ እጇ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ከተማው በሙሉ ሰማ።

የሚሰድበውም የሚስቀውም በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሽማግሌው ውሃ ጠጥተው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ይህን አፍሽን ንብ ይንደፈው» አሏት፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

ኃላፊው ማይኩን ቀምቶ ሥራውን ለሌላ ሰጠባት። ብዙም ሳይቆይ መለሰላት፤ ኩርፊያው ግን እስካሁን አለ። ሕዝቡ በበኩሉ ውሸት መሆኑን ከራሷ አፍ ሰምቶም አላመነም። እሳት በሌለበት ጭስ ከየት ይመጣል ብሎ ወደ ጫካው የሚያወጣውን የዳገት መንገድ በተራ መጠበቅ ያዘ። መጀመሪያ የተያዘው ከሌላ ከተማ ሳንቃ ገዝቶ በጋሪ ሲመለስ የተገኘው አናጢው ባሏ ነበር።

ማታ አቧራ ለብሶ ገባ። «ሻጯ ሚስትህ፣ ገዢው አንተ ነህ አሉኝ።»

ከንፈሯን ነከሰች። «ደረሰኙን አላሳየሃቸውም?»

«አሳየሁ። እሱንም ራሷ ጽፋልህ ነው አሉ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን አሳበቀባት። እሱም ቆጣ ለማለት ሞክሮ ሳቁ አመለጠው።

«ነገ ተረኛው እኔ ነኝ» አለ ሲረጋጋ።

«ምን ልትጠብቅ?»

«ጫካውን ነዋ። ከራሴ።»

ጠዋት ምሳ ቋጥራ ሸኘችው።