ዴን ሃግ ላይ መሞት ያቃተኝ ቀን

ሆላንድ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሞተ ሰው የለም። ጉራ ይመስላል፤ ጉራም ነው፤ ግን እውነት ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሮተርዳም በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ፣ በልብ ሕመም ሞቻለሁ፣ በደም መፍሰስ ሞቻለሁ፣ ንብ ነድፎኝ ጉሮሮዬ አብጦ ሞቻለሁ። ከምሳ በፊት ሞቼ ከምሳ በኋላ እግሬ ተሰብሮ የተረፍኩበት ቅዳሜም አለ። እንዲህ ያለ ሥራ ለማንም አይሰጥም።

መደበኛ ሥራዬ አምስተርዳም በሚገኝ ሌላ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ባለጎማ አልጋ መግፋት ነበር። በሽተኛውን ከአምቡላንስ ተቀብዬ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ መኝታ ክፍል አደርሳለሁ። አገር ቤት ትምህርት ቤት የቆየሁት ማንበብና መጻፍ እስክችል ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ። የሆላንዶቹን ቋንቋ ደችንም ያስተማረኝ የለም። ኢንዲሸ ቡርት በሚባል ሰፈር ቤት እንዳገኘሁ፣ ዳፐርማርክት ከሚባለው ገበያ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ አንድ ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ ገዛሁ። ከመዝገበ ቃላት ጋር እያመሳከርኩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለዚህ «እንደምን አደርሽ» ማለት ሳልችል «ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ አልቀረም» ማለት እችል ነበር። ዳቦ ለመግዛት ብዙም አልረዳኝም። ለሆስፒታሉ ግን በቂ ነበር።

በዚያን ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ባለቤት አልነበረውም። የዓይን ሐኪም አለ፣ የአጥንት ሐኪም አለ፣ የጆሮ ሐኪም እንኳ አለ፤ የድንገተኛ ሐኪም የሚባል ሙያ ግን መንግሥት አያውቅም። እዚያ የሚመደቡት ትናንት የተመረቁ ልጆች ናቸው። ጥቂት ወራት ይንቀጠቀጡና ልክ እጃቸው ሲረጋ «እውነተኛ» ሕክምና ለመማር ጥለው ይሄዳሉ። በከተማው በጣም የታመመውን ሰው በከተማው በጣም ልምድ የሌለው ሐኪም ይቀበለዋል ማለት ነው። ሆላንዶች ሁሉን ነገር በሥርዓት ይሠራሉ፤ ይህንንም በሥርዓት ይሠሩት ነበር።

ይህ ነውር ነው ያሉ ጥቂት ሐኪሞች ከአምስተርዳም፣ ከሮተርዳምና ከዴን ሃግ ተሰባስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ዋናዋ ቀስቃሽ የእኛ ክፍል ሐኪም ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በዝናብ በብስክሌት መጥታ ሳትደርቅ ሥራ የምትጀምር ሴት። ማኅበሩ ሮተርዳም ላይ ወጣት ሐኪሞችን ያሠለጥናል፣ ዴን ሃግ ላይ መንግሥትን ይለምናል፣ አምስተርዳም ላይ ይጨቃጨቃል። ይህን የመጨረሻውን ጥናት ይሉታል።

ለሥልጠናው የሚጠቀሙበት አንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበር። ግራ እጁ የለም። ልጆቹ እየሳቁ ያክሙታል፣ እየሳቁ ይገድሉታል።

«ዶክተር፣ አሻንጉሊት አይጮህም፣ አያስታውክም፣ ሐኪምን አይሰድብም» አልኳት አንድ ቀን። «እኔ ሁሉንም እችላለሁ።»

«መሳደቡን እንኳ ሰምቻለሁ» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በአሻንጉሊቱ ፋንታ ሮተርዳም ወሰደችኝ።

የመጀመሪያው ልጅ፣ እኔ ደረቴን ይዤ ስጮህ፣ ክፍሉን ጥሎ ነርስ ሊጠራ ሮጠ። ነርሷ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲያ አሻንጉሊቱን ማንም አልጠየቀውም።

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ዘመናቸውን የፈጁ፣ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ማታ ደረጃ ላይ ይጠብቁኛል።

«እህ፣ ዛሬ ደግሞ በምን ሞትክ?»

«በመርዝ፣ ጋሼ።»

«ነፍስ ይማር። ይህን ሁሉ ጊዜ ሞተህ አንድ ተዝካር እንኳ አላበላኸንም። ንፉግ!»

ሥልጠናው የሚካሄደው በሙከራ ፈቃድ ነበር። ፈቃዱ ሲያልቅ ዴን ሃግ ያለ አንድ ኮሚሽን ሥራውን ዓይቶ ወይ ያጸናዋል፣ ወይ ይዘጋዋል። ዶክተሯ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባት። የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊው፣ ሌሎች ደጅ የሚጠኑበትን የትምህርት ቦታ ሰጥቷት፣ የኮሚሽኑ ውሳኔ እስኪታወቅ ብቻ እንደሚጠብቃት ነግሯታል። ስለዚህ ነገር ያወራችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ባዶ አልጋ እየገፋሁ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ።

«እምቢ ካሉ ወደ ላይ እወጣለሁ» አለች፣ በጣቷ የቀዶ ጥገናን ፎቅ እያሳየች። «ዕድሜዬን ሙሉ መንግሥትን ስለምን መኖር አልችልም። እኔ ከሄድኩ ደግሞ ሌሎቹም ይበተናሉ።»

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አልኳት።

«እሱም አንዱ ጭንቀቴ ነው» አለች።

ቀኑ ደረሰና ዴን ሃግ ሄድን። የኮሚሽኑ አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ተበላሽቷል። ቃሬዛውን፣ የኦክስጅኑን ጠርሙስና የልብ መመርመሪያውን ማሽን ተሸክመን በደረጃ ወጣን። የተሰጠኝ ሚና መንገድ ላይ ራሱን ስቶ የተገኘ ሰው ነው። አይጮህም፣ አያቃስትም። ለእኔ ዓይነቱ ባለሙያ ስድብ ነበር፤ ለማኅበሩ ስል ዋጥኩት።

ሸሚዜን አውልቀው ቃሬዛው ላይ አስተኙኝ። የማሽኑን ሽቦዎች ደረቴ ላይ ለጠፉ። ሁለት ወጣት ሐኪሞች ሥራቸውን ጀመሩ፤ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ በቆዳዬ ይሰማኛል። የኮሚሽኑ አባላት በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ይነካካል።

በሩ ተከፈተ። በዓይኔ ጥግ ሰረቅ አድርጌ ሳይ፣ ዘግይተው የመጡ አንድ የኮሚሽኑ አባል ናቸው። ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ከዘራ የያዙ፣ አባቴ ቢኖር የሚያክሉ ሽማግሌ። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል። ራስጌዬ አጠገብ መጥተው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። አንድም ሰው አልተነሳም። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀላቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ወጣቶቹም ተቀምጠዋል፣ ጎልማሶቹም ተቀምጠዋል። እኔ ተጋድሜአለሁ!

እንዲህ አድርጌ ልነሳ ብዬ አላሰብኩም። ሰውነቴ ራሱ ነው የተነሳው። «ኖር!» ስል ለራሴ ተሰማኝ። ቆሜአለሁ፤ ራቁት ደረቴ ላይ ሽቦው ተንጠልጥሏል። ክርናቸውን ያዝኩና «ይቀመጡ አባቴ» ብዬ ቃሬዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። «በእግዜር» ማለትን ከየት ያውቁታል፤ በደች «ዳንክ ዩ» ብለው አመሰገኑኝ።

 ከተቀመጡት አንዱ ሳቀ።

«በሽተኛው ተሽሎታል ብለን እንመዝግብ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ዶክተሯን አየኋት። ፊቷ ወረቀት መስሏል። እኔ ላይ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን ከእኔ አልፎ ቃሬዛው ላይ ቀረ። ሽማግሌው አመድ መስለዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«ደረትዎን ይዞዎታል?» አለቻቸው።

«ኧረ ምንም። ደረጃው ነው» አሉ።

«ክንድዎስ?»

ግራ ክንዳቸውን እንደ ሰው ዕቃ ትክ ብለው አዩት። «እሱ ከደረጃው በፊትም ከብዶኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማንም የሳቀ የለም። እኔ ላይ ሲንቀጠቀጡ የነበሩት ሁለቱ ልጆች፣ እሳቸው ላይ አልተንቀጠቀጡም። አስተኟቸው፣ ክራቫታቸውን ፈቱ፣ ሽቦውን ከእኔ ደረት ነቅለው ወደ እሳቸው ደረት አዛወሩ። ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀት ዶክተሯ አንድ ጊዜ አየችና አምቡላንስ አስጠራች። ከምላሳቸው ሥር ኪኒን አደረገች፣ ኦክስጅን ሰጠች፣ እጃቸውንም ይዛ በቀስታ ታወራቸው ነበር። ከኮሚሽኑ አባላት አንዷ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ «ይኸኛው ከፊተኛው በሽተኛ የተሻለ ይተውናል» ስትል ሰማሁ። ብዙ ነገር ይቅር እላለሁ፤ ያንን አልልም።

ቃሬዛውን በደረጃ ስናወርድ ራስጌውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ በደረጃ ማውረድ የሚችል ሌላ ሰው በዚያ ሕንጻ ውስጥ አልነበረም።

ሽማግሌው ዳኑ። ውሳኔው ግን ሌላ ነው። የታቀደው ትዕይንት ስላልተጠናቀቀ ሊገመገም አልተቻለም፤ ያልታቀደው ደግሞ በአጀንዳው ላይ አልነበረም። ሽማግሌው ከሆስፒታል ሆነው ድምፄን ልስጥ ቢሉ፣ አሁን የአመልካቿ በሽተኛ ስለሆኑ አያገባዎትም ተባሉ። የድንገተኛ ሐኪም ለምን እንደሚያስፈልግ ከኮሚሽኑ ውስጥ የገባው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ።

ውሳኔው በተነገረን ቀን ዶክተሯን ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አገኘኋት።

«እኔ ባልነሳ ኖሮ ሰውየው ቆመው ይሞቱ ነበር» አልኳት። ምስጋናዬን ገና አልተቀበልኩም ነበርና።

«አንተ ባትነሳ ኖሮ ፈቃዱ ይኖረን ነበር።»

«ሽማግሌውስ?»

ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ዝናቡን ታያለች።

«ሽማግሌው ሞተው፣ እኛ ፈቃዱን ይዘን» አለች በመጨረሻ። ለራሷ የምትናገር ነው የሚመስለው። ከዚያ ወደ ቀዶ ጥገናው ፎቅ ወጣች። በቃ፣ አለቀ ብዬ አልጋዬን መግፋት ቀጠልኩ። አንድ በሽተኛ ራጅ አድርሼ ስመለስ ወርዳለች። እጇን ካፖርቷ ኪስ ከትታ ግድግዳ ተደግፋለች።

«የቀዶ ጥገናውን ቦታ ለሌላ ስጡት አልኳቸው» አለች።

«ታዲያ ያለ ፈቃድ በምን ልናሠለጥን ነው?»

«አናሠለጥንም። ለሥልጠና ፈቃድ ያስፈልጋል። ለጥናት አያስፈልግም፤ ደንቡን ደግሜ አንብቤዋለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ እናጠናለን።»

ቅዳሜ ሮተርዳም ወረድን። ክፍሉ ያው ነው፣ ልጆቹ ያው ናቸው፣ ቃሬዛው ያው ነው። የተጨመረው ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽተኛ መሆኔ ቀርቶ የምርምር ተሳታፊ ተባልኩ። ሳይማሩ እዚህ የደረሱ ብዙ አይደሉም።

ሸሚዜን አውልቄ ልተኛ ስል ዶክተሯ ወንበር ስባ ራስጌዬ ተቀመጠች።

«ዛሬ ማንም ቢገባ አትነሳም» አለችኝ።

«ሽማግሌ ከገባስ?»

ወንበሯን ወደ በሩ አዞረች።

«ሽማግሌ ከገባ እኔ እነሳለሁ። አንተ ሙት።»