ይሄን እኔ እቆርጠዋለሁ

የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ናሙና ቆራጭ ነገር አትለቅም። ከሳንባና ከጉሮሮ የተወሰደ ሥጋ በሰም አጠንክራ፣ ስስ አድርጋ እየቆረጠች ለማይክሮስኮፕ ማዘጋጀት ነው ሥራዋ። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች "መርማሪዋ" ይሏታል፤ እውነት አላቸው፣ የራሷንም ጥላ አታምንም!

ሰሞኑን የጠረጠረችው ባሏን ነው። ባሏ በያጅ ነው። እራት ላይ አፉ የማይዘጋ የነበረ ሰው፣ አሁን ዝም ጭጭ ብሏል። ስልኩ ሲጮኽ እየሳለ ወደ ጓሮ ይወጣል። "ምን ሆነሃል?" ስትለው "የብየዳው ጭስ ነው" ብሎ ያልፋታል። አንድ ቀን መስኮቱ ሥር ቆማ ጆሮዋን ጣል ብታደርግ፣ በስልኩ የሚሰማው የሴት ድምፅ ነው። ያውም የባልደረባዋ! አጠገቧ ተቀምጣ የምትቆርጠው፣ እህቴ የምትላት!

ደሟ ፈላ። በማግስቱ ሰላምታ ነፈገቻት። ያቺም ዓይኗን ሸሸች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

የሚገርመው፣ ለተለማማጆች ሁሌ የምታስረዳው እሷ ናት። "ጤነኛ ሴል ከጎረቤቶቹ ጋር ያወራል" ትላቸዋለች። "'በቃህ፣ ቦታ የለም' ሲሉት ይሰማል። ወደ ካንሰር የሚሄደው ግን መስማቱን እየተወ ይመጣል። ቀጥሎ ውሸት ይለምዳል። ሊይዙት የመጡትን የሰውነት ዘበኞች 'ሰላም ነው፣ ሂዱ' ብሎ ይሸኛቸዋል።"

የዚያኑ ቀን ረፋድ ላይ ናሙናዎች መጡ። እጇን ስትዘረጋ ባልደረባዋ አንዱን ቀድማ አፈፍ አደረገችው።

"ይሄን እኔ እቆርጠዋለሁ።"

እዚያ ላብራቶሪ ማንም የቤተሰቡን ናሙና በእጁ አይቆርጥም፤ ይህ ቃል የሚነገረውም ናሙናው የዘመዱ ለሆነበት ባልደረባ ብቻ ነው። እሷም ለሌሎች ስንቴ ብላዋለች። እናት አባቷ ካረፉ ቆይተዋል፣ ወንድም እህት የላትም፣ ልጅ አልወለደችም። የቀራት አንድ የሚያስል ሰው ነው።

"የእሱ ነው?"

"እዚህ ሊታከም ካርድ ሲያወጣ አገኘሁት፣ እህቴ። እንዳትነግሪያት ብሎ አስማለኝ። ናሙናውን እንዲሰጥ ስንት ጊዜ ደውዬ ለመንኩት!"

አፈረች፣ ከማፈሯም በላይ ፈራች። ውጤቱ እስኪወጣ እሷም በተራዋ ቤት ውስጥ ትንፍሽ አላለችም።

በመጨረሻ የላብራቶሪው ሐኪም ጠሯት። "የአየር ቧንቧው ሽፋን ወደ ካንሰር ሄዷል" አሏት። "ግን ድንበሩን ጥሶ ወደ ውስጥ አልገባም። አሁን ከታከመ የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው። ችግሩ፣ ውጤቱን ሲነገረው አልታከምም ብሏል።"

ቤት ስትገባ ተቀምጦ ያስላል።

"የብየዳው ጭስ..."

"ተው በናትህ! ውጤትህን ሰምቻለሁ። ሴት ይዟል ብዬ እኮ ያቺን ምስኪን ላንቃት ነበር!"

"እኔን? ማን አባቱ ይፈልገኛል?" ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም ለቅሶ። "ብነግርሽ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።"

"ዝም ስትለኝስ ውሸት ሆነልህ? ነገ አብረን ሄደን ትታከማለህ።"

"እሺ።"

እሺታውን አላመነችም። ጎህ ሳይቀድ እንዳያመልጣት የሞተር ብስክሌቱን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንስታ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችና እራት አቀረበች።