ራዲያተር የተገጠመለት ኮምፒውተር

የሴቷ ልጄ ልጆች፣ «እማማ፣ እናታችንና አጎታችን በአንድ መሶብ የማይቀርቡት ለምንድን ነው? ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። እነሱ ካልነገሯችሁ እንግዲህ እኔ ልንገራችሁ።

ሁለቱ ልጆቼ ደብረ ታቦር ላይ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ትልቁ ወንዱ ይቀርጻል፤ ታናሿ ሴቷ በኮምፒውተር ታቀናብራለች። ጥር ላይ ሠርግ ሲበዛ ኮምፒውተሩ እየጋለ በራሱ ይጠፋ ጀመር። ሙሽራው በር ላይ ቆሞ «ቪዲዮዬስ?» ይላል።

ልጅቱ ውኃ በቱቦ እያዞረ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ይገዛ አለች። ወንድሟ ትልቅ ማራገቢያ ይበቃል አለ።

«ጉና ሥር ተቀምጠሽ ማቀዝቀዣ ትገዣለሽ? በሩን ከፍተሽ ብርዱ ላይ አስቀምጭው።»

«አንተን ነበር ብርድ ላይ ማስቀመጥ» አለችው። ከልጅነቷ አንቱ ስትለው የኖረች ልጅ ናት። ያኔ ደነገጥሁ።

አልሰማችውም፤ ከባሕር ዳር አስመጣች። እኔ እግሬ መቼ አርፎ ያውቃል፣ ከገሳይ ገበያ ስመለስ ሱቃቸው ጎራ ብል ስትገጥም ደረስሁ። ልክ የመኪና ራዲያተር ነው፣ አነስ ይላል እንጂ፤ ሦስት ማራገቢያ ተሰልፎበታል። ከኮምፒውተሩ ሣጥን ጣሪያ ሥር ልታስገባው ብትል ውስጥ የተሰካው ነገር ከለከላት።

«ሳትለኪ ገዛሽ?» አላት ወንድሟ፣ አጠገቧ እጁን አጣምሮ ቆሞ።

ከፊት በኩል አዞረችው፤ ገባላት። ካቻቢቴ አቀብለኝ ብትለው፣ «ያልመከርሁበትን አላቀብልም» አለ። እኔው ተንጠራርቼ አቀበልኋት።

ቱቦው የተያያዘበትን ክብ ብረት ገልብጣ፣ ቅባት በተቀባው ፕሮሰሰር፣ በሚግለው በኮምፒውተሩ አንጎል ላይ አስቀመጠችው። ብሎኑን ስታጠብቅ ልጄ አፉን ከፈተ።

«ይኸ ካቀዘቀዘ፣ መድኃኔ ዓለምን፣ ሱቁን ትቼልሽ እወጣለሁ። ካላቀዘቀዘ አንች ትወጫለሽ።»

«መድኃኔ ዓለምን፣ እወጣለሁ» አለች እሷም።

«ተዉ፣ ለብረት ብላችሁ ስሙን አትጥሩ» ብላቸው ማን ሰምቶኝ።

ተከፈተ። ውኃው ኩልል አለ፤ ማራገቢያዎቹ ተሽከረከሩ። የአንዱን ሠርግ ቪዲዮ ሳታጋምስ ጠፋባት። ደግማ ከፈተችው፤ ከበፊቱም ፈጥኖ ጠፋ።

«በይ ራዲያተርሽን ይዘሽ ውጭ። መኪና ስትገዢ ትገጥሚለታለሽ።»

ዕቃዋን ልትወስድ ስትፈታው ከክቡ ብረት ሥር ስስ ላስቲክ ተለጥፎ አገኘች። ሲገጠም መላጥ ነበረበት፤ ሙቀቱን ከልክሎ የያዘው እሱ ኖሯል። በእኛ ቤት ደግሞ አዲስ ዕቃ ላስቲኩ አይላጥም። የሶፋችንን ተቀዶ እስኪያልቅ ተቀምጠንበታል፤ ፍሪጁም እስካሁን እንደ ለበሰ ነው። እሷም አዲስነቱ እንዳይጠፋ ብላ ተወችው።

«ላስቲኩ ነው። ልላጠውና ደግሜ ልግጠመው።»

«የማልነው ስለ ላስቲክ አይደለም።»

«ወንድሜ አይደለህም?»

«ሱቅ ውስጥ ወንድም የለም።»

መሐላ ነውና ወጣች። ራዲያተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ይፋግ ወረደች። እዚያ ላስቲኩን ልጣ ገጠመችው፤ በዚያ ሙቀት እንኳ ዛሬም ይሠራላታል። እሱ ሱቁን ይዞ ቀረ። እኔም ንዴት ያመጣው ነው፣ ይበርድለታል እያልሁ በሁለቱ መካከል ስመላለስ ኖርሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ ለፋሲካ ይቅር ተባባሉ ብዬ ስለምነው፣ ራሱ ነገረኝ። ብረቱን ስትገለብጥ ላስቲኩን አይቶት ነበር። አይቶ ነው የማለው።