ሰማያዊ ያደረግነው ሐይቅ

ሶዶ ባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋና አዘጋጁ አቶ መስፍን ካሜራ አላስነኩኝም። የሰጡኝ የካሜራ ማቆሚያውን፣ ትራይፖዱን፣ ብቻ ነበር። «ግቢ ውስጥ አምስት ቦታ አቁሚውና ጥሪኝ» አሉኝ። ትራይፖዱ አናት ላይ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ብልቃጥ አለች፤ ውስጧ ያለችው አረፋ መሐል ካልገባች ሥዕሉ ይንጋደዳል። የሶዶ መሬት ደግሞ ሜዳ የሚባል ነገር አያውቅም። ሦስቱን እግሮች ሳስረዝምና ሳሳጥር ቀኑ አለቀ። አቶ መስፍን መጥተው አረፋዋን አዩና «ነገ ካሜራው ይጨመራል» ብለው ሄዱ።

ጣቢያችን ትንሽ ስለሆነ አንድ ሰው ብዙ ሥራ ይሠራል። ቀርጬ እመለሳለሁ፤ ራሴው ኤዲት አደርጋለሁ፤ ሪፖርተር ከጠፋ ማይክ ይዤ እጠይቃለሁ። በወላይትኛ ጠይቄ በአማርኛ ስክሪፕት እጽፋለሁ። ከሁሉ የምወደው መጠየቁን ነበር። አቶ መስፍን «አንቺ ከምትቀርጪው የምትጠይቂው ይበዛል» ይሉኝ ነበር።

ከፍተኛ የካሜራ ባለሙያ በሆንኩበት ዓመት አንድ ባለሀብት ከሁምቦ በታች፣ አባያ ሐይቅ ዳር፣ የሣር ክዳን ያላቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ሠርቶ ከፈተ። አቶ መስፍን ሰበሰቡን።

«ባሕር የለንም፤ ዳርቻ ግን አለን» አሉ። «ሰው ለዕረፍት ሌላ ቦታ የሚሄደው የእኛን ስላላየ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ፕሮግራም እፈልጋለሁ።»

ሐሳቡን ወደድኩት። ሶዶ ተወልጄ አድጌ ሐይቁን ከዳሞታ ተራራ ላይ በሩቁ ከማየት በቀር ቀርቤው አላውቅም ነበር። ከተራራው ሲታይ የብር ሳህን ይመስላል። በሁምቦ ሙቀት ወርደን፣ የአቧራውን መንገድ ጨርሰን ስንደርስ ግን ውሃው ቀይ ነበር። ወተት የነካው ሻይ ዓይነት። በመዳፌ ዘግኜ አየሁት፤ መዳፌ ውስጥም ቀይ ነው። ካሜራውን ሳላወጣ ብዙ ቆየሁ።

የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ትሁት ወጣት ነው። የሚያምር ቦታ መርጦ ጠበቀን፦ ወደ ውሃው ያዘነበለ ግራር፣ ከጎኑ ሸንበቆ። «ውሃ ውስጥ ሰው ካልታየ ሰው አይመጣም» ብሎ እንግዳ ተቀባይዋን ጫማዋን አስወልቆ እስከ ጉልበቷ አስገባት። ፀጉሯን ነፋስ ሲያነሳው፣ ከግራሩ ቅርንጫፍ ሥር ስትስቅ ቀረጽኳት። ጥሩ ሥዕል እንደሆነ እየቀረጽኩም አውቄዋለሁ።

ድንገት ከሐይቁ በኩል እንጨት የሚደበድብ ድምፅ መጣ። አንድ ሽማግሌ ታንኳቸው ላይ ቆመው በመቅዘፊያው ጎኗን ይመታሉ፤ በወላይትኛ «አውጧት! አውጧት!» ይላሉ። ልጅቷ ሮጣ ወጣች። ሽማግሌው ዳር ደርሰው ወረዱ። አቶ አንጁሎ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዓሣ አጥማጅ ናቸው።

«ሳሮ፣ አባባ» አልኳቸው በወላይታ ሰላምታ። «ምን ሆኑ?»

«እዚህ ሸንበቆ ውስጥ አዞ አለ ልጄ። ትልቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲበቃው ውሃ ይገባል። ገብቶ የት እንደሆነ አታይውም። ውሃው አያሳይም።»

«እናንተስ የት ትታጠባላችሁ?»

ከማረፊያው ማዶ ያለውን ድንጋያማ ቦታ አሳዩኝ። ሸንበቆ የለውም። እዚያም ቢሆን አንዱ ይታጠባል፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ማይኩን ደረታቸው ላይ ሰካሁና ሁሉንም እንደገና አስነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ውሃው ለምን ቀይ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አፈር ነው። ከእናንተ አገር ነው የሚመጣው።»

«ከእኛ?»

«ከሶዶ፣ ከቦዲቲ፣ ከላይ ካለው ሁሉ። እናንተ ታርሳላችሁ፣ ዝናቡ ያጥባል፣ ብላቴ ወንዝ ይሸከማል። እኛ እዚህ ከመረባችን ላይ እናራግፋለን።»

ወደ ሶዶ ስንመለስ በመኪናው መስኮት የታረሰውን ማሳ ሁሉ እያየሁ ነበር።

ኤዲቲንግ ክፍል አቶ መስፍን ከኋላዬ ቆመው የመጀመሪያውን ቅጂ አዩ።

«ይኼ ሐይቅ ነው ወይስ ሻይ?»

«ቀለሙ እንደዚያው ነው።»

«አውቃለሁ። ሰው ግን ቀይ ውሃ ሲያይ የቆሸሸ ነው የሚመስለው። ከለሩን አስተካክይው።» ቀጥለውም ጨመሩ፦ «ሽማግሌውንም አውጫቸው። የማስተዋወቂያ ፕሮግራም ነው፤ አዞ ማንን ይጠራል?»

አልተከራከርኩም። ተገድጄ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ቀይዋን እየቀነስኩ ሰማያዊዋን ስጨምር ሐይቁ ዓይኔ እያየ ተለወጠ፤ በእጄ ሥራ ኮራሁ። ልጅቷ ከግራሩ ሥር፣ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ፣ ትስቃለች። ፕሮግራሙም የተከፈተው በእሷ ነው። በተላለፈ ማግስት ሰዉ በስልኩ እየተቀባበለው ነበር። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ ስታሳያት አይቼ እኔ ነኝ ማለት አምሮኝ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጡትን እንግዶች ልቀርጽ ተመልሼ ወረድኩ። በዚያ ቅዳሜ ከቦዲቲ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን በሚኒባስ መጥተዋል። አስተባባሪያቸው ቲቸር አበበች ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት፤ ሁለት ልጆቿንም ይዛ መጥታለች። ውሃውን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እህቴ፣ ወደ ሰማያዊው በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

ቀልድ መሰለኝ። ፊቷን ሳይ ግን የምሯን ነው።

«ሌላ የለም፤ ይኸው ነው» አልኳት።

«እኛ ደግሞ ሌላ ዳር ያለው መስሎን» ብላ ሳቀች። ጓደኞቿ አልሳቁም። ሥራ አስኪያጁ ነጭ ዓሣ ተጠብሷል ብሎ ጠራቸውና ነገሩ በዚያው አለፈ።

ከምሳ በኋላ ካሜራዬን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁሜ ዳርቻውን በረጅሙ እቀርጽ ነበር። በሌንሱ አቅርቤ ሳይ ያዘነበለው ግራር ገባልኝ። ከሥሩ ቲቸር አበበች ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ ጉልበቷ ገብታለች። ትንሿ ልጇ ዳር ላይ ጫማዋን እየፈታች ነው። ከግራሩ ቅርንጫፍ ጀምሮ እስከ ሸንበቆው ድረስ፣ ያኔ እንግዳ ተቀባይዋን የቀረጽኩበት የእኔው ፍሬም ነበር።

ካሜራውን ትቼ ቁልቁል ሮጥኩ። ስሮጥ የጮህኩትን አላስታውስም። ቲቸር አበበች ድምፄን ሰምታ ዞረች፤ የደስታ ጩኸት መስሏት እጇን አውለበለበችልኝ። ደርሼ ልጅቷን ከመሬት አነሳሁ፤ እናቷን በክንዷ ጎተትኩ። እጄ ጠንክሮባት ኖሮ «ምን ሆነሻል?» ብላ ተቆጣች። ይኼኔ ከሸንበቆው ፊት ውሃው እንደ መታጠፍ አለ። ግንድ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ተመልሶ ጠለቀ።

ቲቸር አበበች ልጇን ከእኔ ተቀብላ አቀፈቻት።

«ቴሌቪዥን ላይ እኮ ሴትዮዋ እዚሁ ገብታ ነበር» አለች።

«እኔ ነኝ የቀረጽኳት።»

«አዞ እንዳለስ ታውቂ ነበር?»

«ነግረውኝ ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የልጇን ጫማ አነሳችና አልፋኝ ሄደች። ሚኒባሱ ጋ ደርሳ ግን ወደ እኔ ተመልሳ መጣች። «ብትነግሩንም እንመጣ ነበር» አለችኝ። «ቀይ ነው ብትሉንም እንመጣ ነበር። ልጆቼን የት እንደማቆም አውቄ እመጣ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት አቶ መስፍን ቢሮ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ካሜራው ብቻውን ሲቀርጽ የቆየውንም አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የሽማግሌውን ቃለ ምልልስ አጥፍተሽዋል?»

«አላጠፋሁትም።»

«አውጫቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«ያወጣኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ያን ዕለት የድሮው ፕሮግራም ከማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችን ወረደ። በሳምንቱ አቶ መስፍን ራሳቸው አብረውኝ ወረዱ። ድንጋዩ ላይ ከአቶ አንጁሎ ጋር ተቀምጠው የጠየቁትን ብዛት ሳይ፣ ለካ እሳቸውም መጠየቅ ይወዳሉ አልኩ። ከቦዲቲ በታች ካለ ማሳ ጀምረን፣ አፈሩን በብላቴ በኩል ተከትለን፣ ሐይቁ ድረስ አዲስ ፕሮግራም ሠራን። ውሃው ቀይ እንደሆነ ተላለፈ። ሸንበቆው በግልጽ ታየ፤ ድንጋያማው ቦታም።

ሥራ አስኪያጁ «እንግዳ አሸሻችሁብኝ» ብሎ ለወራት አኮረፈን። የተወሰኑ እንግዶች ቀርተውበትም ነበር። በኋላ ግን ግራሩ ሥር በወላይትኛና በአማርኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አቆመ፤ ዙሪያውንም በገመድ አጠረው። የሚመጣው እንግዳ አሁን አቶ አንጁሎን በስም ይጠይቃል። አንድ ቀን «ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ማጥመድ አቃተኝ፤ ሰው ሁሉ ስለ አፈር ይጠይቀኛል» ብለው አማረሩብኝ። ደስ ብሏቸው እንደሆነ ግን ያስታውቅባቸዋል።

ቲቸር አበበች ተመልሳ አልመጣችም። ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብላኛለች። ለመመለስ ግን ቃል አልገባችልኝም፤ እኔም አልለመንኳትም።

ዛሬ ጀማሪዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የምነግራቸው አጭር ነው። ሰው በሥዕል ያየው ቦታ ሄዶ ይቆማል። ስለዚህ ከመቅረጻችሁ በፊት እዚያ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ፤ የመለሰላችሁንም አትቁረጡ።