ጋሼ ክፍሉና አረንጓዴው የመሣሪያ ሣጥን

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት፣ ከዚያ የማታ ትምህርት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ብሳሳት ባለማወቅ ነው። የማኅበራችን ጸሐፊ ወይዘሮ ሠናይት «ስለ ጋሼ ክፍሉ አብሯቸው የሠራ ሰው ይጻፍ» ሲሉ ማንም እጁን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። በኋላ ግን አብሬያቸው የሠራሁት እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ።

ጋሼ ክፍሉ መኪና ቀቢ ናቸው። እዚህ በስደት ባለንበት ከተማ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ጋራዥ ውስጥ እሳቸው ይቀባሉ፣ እኔ አጥባለሁ። ሁለት ሰው ተኳርፎ ማየት አይችሉም። ኮሪያታውን ሰፈር አንድ ቤት የሚጋሩ ልጆች በድስት ቢጣሉ፣ ባልና ሚስት ቢኮራረፉ፣ እጃቸውን ታጥበው ሊያስታርቁ ይሄዳሉ። እንደ አገራችን ደንብ ገብተው ይቆማሉ። «እሺ እስክትሉኝ አልቀመጥም» ይላሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን ይቆማሉ።

ጋራዡ የሁለት ፖርቱጋላውያን ወንድማማቾች ነው። ታላቁ ማኑኤል ቀይ ለባሹን ቤንፊካን ይደግፋል፤ ታናሹ ዡዋኪም አረንጓዴ ለባሹን ስፖርቲንግን። ሁለቱም የሊዝበን ክለቦች ናቸው፣ እንደ ጊዮርጊስና መቻል በሉት። በፈረንጆቹ 1987 ዲሴምበር ላይ ሱፐር ካፕ ለሚሉት ዋንጫ ተገናኙ። ይሄ ዋንጫ በአንድ ጨዋታ አያልቅም፤ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ሜዳ ይጫወቱና ጎሉ ይደመራል።

የመጀመሪያውን ስፖርቲንግ ሦስት ለባዶ አሸነፈ። በማግስቱ ማኑኤል ሥራ ሲገባ ቀዩ የመሣሪያ ሣጥኑ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀው። ዡዋኪም በጋሼ ክፍሉ ስፕሬይ ቀብቶት ነው።

«ሦስት ተቆጥሮብህ ቀይ ምን ያደርግልሃል?» አለው እየሳቀ።

ማኑኤል የጋራዡን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ፣ አልተመለሰም። ቀጥሎ ድርሻውን ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። ታናሹ ብቻውን ጋራዡን አይችለውም። ስለዚህ ማኑኤል ከሸጠ ይዘጋል፣ ጋሼ ክፍሉም እኔም ሥራ የለንም ማለት ነው። እኔስ የትም አጥባለሁ፤ እሳቸውን በዚያ ዕድሜ ማን ይቀጥራቸዋል? ዡዋኪም «ቀልድ ነበር እኮ» እያለ ምሳውን ሳይነካ ይውል ጀመር።

የመልሱ ጨዋታ እሑድ ነበር። ጋሼ ክፍሉ፣ ማኑኤል ያን ቀን ከሬዲዮው አይነሳም ብለው መረጡት። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። አንዱ እሳቸው፣ ሁለተኛው ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ፓርኪንግ የሚሠሩት ጋሼ አስፋው፣ ሦስተኛ ሲጠፋ እኔ።

«እኔ መናገር አልችልም» አልኳቸው።

«ተናገር ማን አለህ? መቆም ትችላለህ?»

ጋሼ አስፋው በጋሼ ክፍሉ መኪና ውስጥ መንገዱን ሙሉ አጉረመረሙ። «ቅዳሴ አስቀርተህ ለኳስ ትወስደኛለህ፣ አንተ ሰው?»

«እርቅም የእግዜር ሥራ ነው። ነጠላህን አስተካክል» አሉ ጋሼ ክፍሉ።

ዡዋኪም ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀምጧል። የበደለ ሰው እስኪጠራ ደጅ ይቆያልና፣ ቶራንስ ማኑኤል ቤት ስንደርስ መኪናው ውስጥ ተውነው።

ማኑኤል በሩን ሲከፍት ሊዝበንን የሚስበው የአጭር ሞገድ ሬዲዮው ወጥ ቤት ውስጥ ይጮሃል፤ ጨዋታው ተጀምሯል። ገብተን ቆምን፣ ሦስታችንም ነጭ ነጠላ ለብሰን።

«ተቀመጡ» አለ።

«ኖ፣ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ክፍሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ማኑኤል አንድ በአንድ አየን። ፊቱ አመድ መሰለ። ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ፣ «ዡዋኪም ሞተ?» አለ።

ለካ መርዶ ነጋሪ መስለናል። ጋሼ ክፍሉ ደንግጠው እንግሊዝኛው ጠፋቸው። «ኖ! ኖ! ካር ውስጥ ነው!»

«ካር ውስጥ ሞተ?»

«ደህና ነው! ተቀምጧል!» ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

ማኑኤል ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። ትንፋሹ ሲመለስ ተቆጣ። «ታዲያ እንደ አስከሬን ተሸካሚ ምን አስቆማችሁ?»

ጋሼ ክፍሉ አስረዱት፤ በእኛ አገር እርቅ የሚለምን ሰው እሺ እስኪባል አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም።

«እንግዲያው ቁሙ» አለና ጆሮውን ወደ ሬዲዮው መለሰ።

ቆምን። ጋሼ ክፍሉ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው እግራቸው ይቆማሉ። በዚህ መሐል ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ማኑኤል ግንባሩን ያዘ። ስፖርቲንግ ነው ያገባው። ሲደመር አራት ለባዶ፤ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ቀና አለ።

«እሱ ሰምቷል?»

«በምን ይሰማል? የመኪናው ሬዲዮ ሊዝበንን አይስብም» አሉ ጋሼ ክፍሉ።

«የገዛ ዋንጫውን? ምንም አልሰማም?»

«ካልጠራኸው አይመጣም።»

ማኑኤል በቋንቋው አንድ ነገር ተሳደበ። ሬዲዮው የባትሪ ነበር፤ አንቴናው እንደተመዘዘ አንስቶት በነጠላ ጫማ ወጣ፣ እኛም ተከተልነው። የመኪናውን በር ከፍቶ፣ «ስማ አንተ አህያ፣ አገባችሁ» አለና አጠገቡ ገብቶ ተቀመጠ። ሬዲዮውን መሐላቸው አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ዡዋኪም ዓይኑን ይጠርጋል፤ በዋንጫው ይሁን በሌላ አላውቅም።

«አሁንስ እንቀመጥ?» አሉ ጋሼ አስፋው ሣሩ ላይ ቆመው።

«እሺ መች አለን?» አሉ ጋሼ ክፍሉ። እውነትም አላለንም።

በማግስቱ ሰኞ ጋሼ ክፍሉ ከሁላችን ቀድመው ገቡ። ሣጥኑን ወደ ቀይ ቢመልሱት ታናሹን ቅር ይለዋል፣ አረንጓዴውን ቢተዉት ታላቁን። አስበው አስበው፣ ለማንም የማያዳላ ነው ብለው ሰማያዊ ቀቡት። ወንድማማቾቹ አብረው መጡ፤ ሲያዩት ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጮኹ። ሰማያዊ ለካ የሌላው ተቀናቃኝ ክለብ፣ የፖርቶ ቀለም ነው፤ ፖርቶን ደግሞ ሁለቱም ስሙን መስማት አይፈልጉም።

«አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው!»

«ኦኬ፣ ኦኬ» አሉ ጋሼ ክፍሉ። የብርጭቆ ወረቀት አነሱና፣ በርጩማ ስበው ተቀምጠው፣ ይፍቁት ጀመር።