ጀልባዋ ላይ ያጨበጨቡልኝ ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ለእሳቸው መጠጤን ነግሬአቸዋለሁ፣ ጾም መግደፌን ነግሬአቸዋለሁ፣ ከሰው ሚስት ጋር የሠራሁትን ሳይቀር ዘርግፌአለሁ። ይህችን ግን አፌ ጫፍ ስትደርስ መልሼ እውጣታለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። እንግዲህ ተንበርክኬ ነው የምዋሸው። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ መንገድ ላይ ብንተላለፍ ሰላም አትሉኝም። ምናልባት ዛሬ አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል።

ደረጀን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ይኸው፣ አልኩት። ባሕር ውስጥ፣ ሊያድነኝ የመጣውን ሰው፣ ፊቱን በእግሬ ረገጥኩት። ከዚያ ወጥቼ ያዳንኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ደረጀ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ የዴንቨር አዲሱ ኤርፖርት ገና ሳይከፈት ግሌንዴል ውስጥ አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፤ እሱ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል። ግቢያችን ውስጥ በበጋ የሚከፈት መዋኛ ነበረና ዋና ያስተማረኝ እዚያ ነው። እኔ የጉለሌ ልጅ፣ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሰፋ ውሃ የት አውቃለሁ? ሆዴን በመዳፉ ደግፎ «አገጭህን ቀና አርግ! ማንም አይበላህም እኮ!» ይለኛል፤ እኔ ውሃ ስውጥ እሱ በሳቅ ይፈርሳል። ውሃ ሲነካ ፊቱ የሚበራ ሰው ነበር።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናውን የሚያቆም፣ ጎረቤት ከተማ አውሮራ ውስጥ ዳይቪንግ፣ ባሕር ሥር መጥለቅ፣ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ደንበኛ ነበረው። የኮሎራዶ ሰው ይገርማል፤ ባሕር በሌለበት አገር የአየር ጋን አዝሎ ክረምቱን ሙሉ ገንዳ ውስጥ ሲለማመድ ይከርምና ሙቅ ባሕር ፍለጋ ይበራል። ደረጀ ተመዘገበ። እኔንም አስመዘገበኝ። «ብቻዬን ከፈረንጅ ጋር ምን አወራለሁ? አንተ ካልገባህ እኔም ይቅርብኝ» አለ። አበሻው ሁሉ ሳቀብን። «ውሃ ውስጥ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ይሉናል። «ሳገኘው አሳያችኋለሁ» ይላል ደረጀ።

እኔ እፈራ ነበር። ገንዳው ውስጥ፣ እግሬ ሴራሚኩን እየነካ፣ እፈራ ነበር። ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? ደረጀ ይስቅብኝ ነበር? አይስቅም፣ «ተወው በቃ» ይለኝ ነበር። እሱ በእኔ የተነሳ እንዳይቀር ብዬ ነው እላለሁ አንዳንዴ። ውሸት ነው። «ፈራሁ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ከምትወጣ ሞት ይሻለኝ ነበር፤ ትዕቢት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ኮዙሜል የምትባል የሜክሲኮ ደሴት ሄድን። እዚያ የባሕሩ ወለል ጥቂት ይሄድና በድንገት ገደል ይሆናል። ገደሉ ከላይ እስከ ታች ኮራል የለበሰ ግድግዳ ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ እግዜር ቀለሙን ሁሉ እዚያ የደፋው ይመስላል። ታች ግን መጨረሻው አይታይም፤ ሰማያዊው እየጠቆረ ይሄዳል። ግድግዳውን ታኮ ደግሞ እንደ ወንዝ የሚነዳ ጅረት አለ። አትዋኝም፣ ይወስድሃል፤ ጀልባዋ ከላይ ትከተልሃለች።

ከመዝለላችን በፊት አስተማሪው በየፊታችን እየተመለከተ «ዛሬ ጅረቱ ብርቱ ነው። ደስ ያላለው ካለ ይንገረኝ፣ ነውር የለውም» አለ። አንዲት ፈረንጅ እጇን አወጣች። በአየር የሚነፋውን የመጥለቂያ ጃኬቷን አወለቀችና ጀልባዋ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። ማንም አልሳቀባትም። እኔስ? ከእሷ ይልቅ የምፈራው እኔ ነበርኩ። ግን ከዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሃል ያለነው አበሾች ሁለት፤ አንዱ ፈርቶ ቀረ ሊባል ነው? አውራ ጣቴን አነሳሁና ፈገግ አልኩ። እጄን ባወጣ ኖሮ ደረጀ ዛሬ በሁለት እግሩ ይሮጥ ነበር።

ወረድን። ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የምንሄደው፤ የእኔ ጥንድ ደረጀ ነው። መጀመሪያ ደህና ነበር። እሱ እየዞረ ዓሣ ያሳየኛል፣ በዓይኑ ይስቃል። ከዚያ ግድግዳው ታጠፈ። ጥጉን እንዳለፍን ጅረቱ ወደ ጎን መሄዱን ተወና ወደ ታች ይጎትተን ጀመር። ከአፌ የወጣው አረፋ ሽቅብ መሄድ ሲገባው ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። እግዚኦ! አእምሮዬ ጥሎኝ ሄደ። መፍጨርጨር ጀመርኩ። አየሩን እንደ ውሻ እያለከለክሁ እስበዋለሁ፣ አይበቃኝም።

ደረጀ መጣ። ከፊቴ ወዲያ ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ጅረት ጋር ታግሎ፣ ኮራሉን እየቧጠጠ፣ ወደኔ ተመለሰ። ጃኬቴን በሁለት እጁ ጨመደደና ዓይን ዓይኔን አየኝ። በእጁ፣ ቀስ፣ ተንፍስ፣ ቀስ፣ አለኝ። ወደ ላይ ይዞኝ መውጣት ጀመረ፣ እንደተማርነው፣ ቀስ እያለ፤ ቶሎ መውጣት ሰው ሽባ ያደርጋላ! እኔ ግን ቀስ የሚባል ነገር አልፈለግሁም። ላይ ብርሃን ይታየኛል፣ ይህ ሰውዬ ደግሞ ይዞኛል። ለአፍታ ጓደኛዬ መሆኑ ጠፋኝ ብላችሁ ደስ ይለኛል። አልጠፋኝም። ደረጀ መሆኑን አውቃለሁ። ጣቶቹን ከጃኬቴ አላቀቅኩና ፊቱን በእግሬ ረገጥኩት። መነጽሩ ወለቀ፣ መተንፈሻው ከአፉ ወጣ። አየሁ። እጁን ወደ አፉ ሲሰድ፣ ሲዳብስ አየሁ። ወደ ላይ ተኮስኩ።

ወጣሁ። ምንም አልሆንኩም። እንዴት እንዳልሆንኩ እስካሁን ይገርመኛል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደረጀ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደ ቡሽ ፈንጠር ብሎ ወጣ፤ ጃኬቱን በአየር ሞልቶ ኖሯል። ራሱን ስቷል። ዋኘሁና ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ያዝኩ። ይህን አድርጌአለሁ፣ አልክድም። ጀልባዋ ስትደርስ ያዩት ታዲያ ይህንን ነው፤ እኔ ደረጀን ታቅፌ «ርዱኝ!» እያልኩ ስጮህ። ጎትተው አወጡን። ብርቱካን ስትልጥ የነበረችው ሴትዮ አለቀሰች። አንዱ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እስከዚያ ድረስ አልዋሸሁም። አስተማሪው «ምን ሆነ?» ሲል ግን አፌ ራሱ ሥራውን ጀመረ። ደነገጠ አልኩ። መተንፈሻውን ተፍቶ ያዘኝ፣ እኔ ግን አልለቀቅኩትም አልኩ። እሱ ያደረገውን ለራሴ ወሰድኩ፣ እኔ ያደረግሁትን ለእሱ ሰጠሁ።

ክሊኒክ ውስጥ ሲነቃ ከጀልባዋ መዝለሉን እንጂ ሌላ ምንም አያስታውስም። «ምን ሆኜ ነው?» አለኝ። ለብቻችን ነበርን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? ያችኑ ውሸት ደገምኩለት። ጣሪያውን አየ፣ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። «አንተን ልገድልህ ነበር እኮ» አለ። «ይቅር በለኝ።» እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ሰማችሁኝ? እኔ፣ እሱን፣ ይቅር አልኩት!

ቶሎ በመውጣቱ የተመታው ግራ እግሩ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ይጎትታታል። ዴንቨር ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ ያ ሲስቅብን የነበረ አበሻ ሁሉ ቤታችን ሞላ፤ እሱን ሊጠይቅ፣ እኔን ሊያመሰግን። እናቱ ከሐዋሳ ስልክ ደወሉ። «ልጄን ከሞት አፍ ያወጣህልኝ፣ እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ» አሉኝ። «ምንም አይደል እማማ» አልኩ። ስልኩንም ዘጋሁ። ደረጀ ደግሞ ውሃ እርም አለ። ግቢያችን ውስጥ ያለችው መዋኛ አጠገብ እንኳ አይደርስም። «እኔ ውሃ ውስጥ የምታመን ሰው አይደለሁም» ይላል፣ ልጅነቱን ሙሉ ሐይቅ ውስጥ የኖረ ሰው። እግሩን የወሰድኩበት አይደለም የሚያንገበግበኝ፤ ይሄኛው ነው።

ከዚያ ሰናይትን አገባ፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዙ፣ ናሆም ተወለደ። አርባ ቀኑ ሊደርስ ሲል ባልና ሚስት ሆነው መጡና «ክርስትና አንሳልን» አሉኝ። «ደረጀን ያላንተ ማን ሰጠኝ?» አለች ሰናይት። ሌላ ሰው ፈልጉ ማለት እችል ነበር፤ ሰበብ አይጠፋም። እምቢ ብል ለምን ይሉኛል ብዬ እሺ አልኩ። ሕፃኑን ታቅፌ በእሱ ፈንታ ሰይጣንን ክጄአለሁ ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ፣ በዚሁ አፌ። ካህኑ ከውሃው አውጥተው ያቀበሉት ለእኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጀ በስሜ አይጠራኝም፣ «አበልጄ» ነው የሚለኝ። አሁን ብናገር የማጣው ጓደኛ ብቻ አይደለም፣ ልጅም ነው፤ እንደዚህ እያልኩ ዓመት በዓመት ላይ ደራረብኩ።

ባለፈው በጋ፣ ናሆም ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል፣ ደረጀ እቤቴ መጣ። ቡና እንኳ አልጠጣም። «ልጁ ዋና ካልተማርኩ ብሎ እያስቸገረኝ ነው። እኔ አልችልም፣ ልቤ አይሰጠኝም። አንተ እጅ ላይ ሲሆን ግን እንቅልፌን እተኛለሁ» አለኝ። ዋና ያስተማረኝ ሰው ነው እኮ! ምን ልበል? እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለምዶብኛል።

አውሮራ ወዳለው የከተማው መዋኛ ወሰድኩት። ደረጀም አብሮን መጣ፤ ከአጥሩ ወዲያ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። የልጁን ሆድ በመዳፌ ደግፌ «አገጭህን ቀና አርግ» ስለው ደረጀ ከሩቅ ሳቀ፣ እጁንም አወዛወዘ። ናሆም አንገቴን አቅፎ አረፍ አለና አባቱን ተመለከተ። «አባዬ ለምን አይገባም?» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ኢዝ ሂ ስኬርድ?» አለ፤ ይፈራል እንዴ ማለቱ ነው።

ልጅ ነው፤ የነገሩትን ያምናል። «አይ፣ አባትህ ጀግና ነው» ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? የምናገረው ሁሉ ይቅር፣ ያችን ብቻ ብለው ምን ነበረበት? ደረጀ በነጋታው መጥቶ አይመረምረኝ። «አዎ፣ ትንሽ ይፈራል» አልኩት። ልጁ ራሱን ነቀነቀና አባቱን እንደገና አየው፤ አስተያየቱ ተለወጠ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፣ የእናንተ አይደለም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው የበደልኩትን አያውቅም፣ እኔም ነገ እነግረዋለሁ ብዬ አልምልላችሁም፤ ራሴን አውቃታለሁ። ኮዙሜል ላይ ጅረቱ ነው፣ ድንጋጤው ነው፣ ነፍስ ነው ብዬ ለዓመታት ለራሴ ጠበቃ ቆሜአለሁ። አውሮራ ግን ጅረት አልነበረም። ውሃው እስከ ወገቤ ነበር።